የማቴሪያል ስም አወጣጥ በዲዛይን ሶፍትዌር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ የቆየ ፕሮጀክት ክፈቱና የማቴሪያሉን ዝርዝር እዩት። «ኮንክሪት»፣ «ኮንክሪት 1»፣ «ኮንክሪት ግራጫ»፣ «ኮንክሪት አዲስ»፣ «ኮንክሪት አዲስ የመጨረሻ»። አምስቱም አንድ ነገር ሊሆኑ ይችላሉ። አምስት የተለያየ ነገርም ሊሆኑ ይችላሉ። ሞዴሉን የሠራው ሰው ራሱ ከጥቂት ወራት በኋላ አይለያቸውም። ይህ ከስንፍና የሚመጣ አይመስለኝም። ጎበዝ ባለሙያዎችም ሳይቀሩ ስለ ማቴሪያል ስም የያዟቸው የተሳሳቱ ሐሳቦች አሉ። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ስም የኔ ምርጫ ነው፤ ሶፍትዌሩ ምን አገባው?»

በጣም ያገባዋል። ሪቪት (የሕንፃ ሞዴል መሥሪያ ሶፍትዌር) ላይ ከአንድ ፋይል ግድግዳ ኮፒ አድርጋችሁ ሌላው ላይ ስትለጥፉ ሶፍትዌሩ አብሮ የመጣውን ማቴሪያል በስሙ ይፈልገዋል። በዚያ ስም የተመዘገበ ካለ ነባሩን ይዞ ይቀጥላል፣ እንግዳው ይቀራል። ከሌለ ደግሞ አዲሱን ዝርዝሩ ላይ ይጨምራል። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ ስም ካላቸው አንዱ ሌላውን ይውጠዋል። አንድ ነገር ሁለት ስም ካለው ደግሞ ይባዛል።

መባዛቱ የሚያመጣውን ጣጣ በቅርበት እንየው። ወለሉ «ኮንክሪት ሲ25/30» ተብሏል፤ «ሲ25/30» የጥንካሬ ደረጃው ነው። ግድግዳው «ኮንክሪት ሲ 25/30» ተብሏል። ልዩነቱ አንዲት ባዶ ቦታ ናት። ለእኛ አንድ ነው፣ ለሶፍትዌሩ ግን ሁለት ማቴሪያል ነው። ሴክሽን (የሕንፃው ቁራጭ ስዕል) ስትቆርጡ ወለሉና ግድግዳው በሚገናኙበት ቦታ መስመር ይወጣል። ጆይን ብታደርጉትም (ብታያይዙትም) መስመሩ አይጠፋም፤ ሪቪት ሁለት አካላትን ያለ መስመር የሚያዋህደው ማቴሪያላቸው አንድ ሲሆን ነው። ብዙ ሰው ይህን መስመር በነጭ ሙሌት ሸፍኖ ያልፈዋል። ችግሩ ግን እዚያው ነው ያለው። የማቴሪያል ሼድዩል (የመጠን ሠንጠረዥ) ሲወጣ ኮንክሪቱ በሁለት ረድፍ ተከፍሎ ይመጣል። የመጀመሪያውን ረድፍ ብቻ ያየ ሰው መጠኑን አሳንሶ ይይዛል።

ሬንደር (ሞዴሉን እንደ ፎቶ የሚያሳይ ምስል) ላይም ስም ይሠራል። ኤንስኬፕ የተባለው የሬንደር ሶፍትዌር ማቴሪያሉ ስም ውስጥ የእንግሊዝኛውን የሣር ቃል ካገኘ መሬቱ ላይ እውነተኛ የሚመስል ሣር ያበቅልበታል። ሌላው የሬንደር ሶፍትዌር ሉሚዮን ደግሞ ሞዴሉን አድሳችሁ ስታስገቡ ቀድሞ የሰጣችሁትን ማቴሪያል የሚመልሰው በስሙ ነው። ስሙን መሃል ላይ ከቀየራችሁት የሰጣችሁት ነገር ይጠፋና እንደ አዲስ መሥራት ነው።

ስሞቹን በአማርኛ የምትጽፉ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። «ሣር» እና «ሳር» ለአንባቢ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አንዱን ስትፈልጉ ሌላው አይመጣም። የትኛውም ይሁን፣ ቢሮው አንዱን መርጦ ይጽና።

«ስም ረጅም ሲሆን የበለጠ መረጃ ይይዛል»

ይህን ስም እንውሰድ፦ «የውስጥ ግድግዳ ልስን ሲሚንቶ አሸዋ 1:3 25 ሚሜ ነጭ ቀለም የተቀባ»። ሲታይ የተሟላ ይመስላል። እስቲ እንፍታው።

«የውስጥ ግድግዳ» ልስኑ ያለበትን ቦታ ነው የሚናገረው። ቦታውን ግድግዳው ራሱ ያውቀዋል። ነገ ያው ልስን ዓምድ ላይ ሲመጣ ስሙ ውሸት ይሆናል። «25 ሚሜ» የግድግዳው ሌየር (ንብርብር) ውፍረት ነው፣ እዚያው ተመዝግቧል። ውፍረቱን 20 ስታደርጉት ስሙ አብሮ አይቀየርም። «ነጭ ቀለም» ለብቻው የሚቆም ሌላ ማቴሪያል ነው። «1:3» ላይ ያለውን የሁለት ነጥብ ምልክት (:) ደግሞ ሪቪት ጭራሽ አይቀበለውም፤ በስም ውስጥ ከከለከላቸው ምልክቶች አንዱ ነው። የሚተርፈው «ልስን - ሲሚንቶ አሸዋ - 1ለ3» ነው። በቂ ነው።

የቀረው መረጃ የት ይሂድ? ለእሱ የተዘጋጀ ቦታ አለው። ሪቪት ላይ እያንዳንዱ ማቴሪያል የመግለጫ፣ የአምራች፣ የሞዴል፣ የዋጋና የኪይኖት (የማብራሪያ ቁልፍ) ሳጥን አለው። አብዛኛው ሰው ባዶውን ይተወዋል፣ ያሳዝናል። የማቴሪያል ታግ (መለያ ጽሑፍ) ስዕሉ ላይ የሚያወጣው ጽሑፍ ከመግለጫው ሊመጣ ይችላል። ማለትም ስዕሉ ላይ የሚነበበው ዓረፍተ ነገር ረጅምና ያማረ ሆኖ ስሙ አጭር መሆን ይችላል። ሁለቱን አንድ ላይ መጨፍለቅ አያስፈልግም።

መጠን ሁሌ ከስም ይውጣ ማለቴ ግን አይደለም። የወለል ሴራሚክ 600×600 እና 300×300 ሀቻቸው (ስዕሉ ላይ የሚሞላው መስመር) ይለያያል፣ ትዕዛዛቸውም ይለያያል። እዚህ መጠኑ የዕቃው ማንነት ነው። ስሙ ውስጥ ይግባ።

«ዱፕሊኬት አድርጌ ስሙን ከቀየርኩ አዲስ ማቴሪያል አገኘሁ»

በግማሽ። ሪቪት ላይ ማቴሪያል ሲባዛ መልኩን የሚይዘው ክፍል፣ አሴት የሚባለው፣ አብሮ ላይባዛ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ሁለቱ ማቴሪያሎች አንዱን መልክ ይጋራሉ። «ቀለም - ነጭ»ን አባዝታችሁ «ቀለም - ክሬም» አላችሁት እንበል። አዲሱ ላይ የመልኩን ቀለም ስትቀይሩ ነጩም ክሬም ይሆናል። ስሙ «ነጭ» እንዳለ ነው፤ ሬንደሩ ላይ ሲወጣ ግን ሕንፃው በሙሉ ክሬም ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የመልክ ትሩ ላይ ከአሴቱ ስም አጠገብ ትንሽ የእጅ ምልክትና ቁጥር አለ። ቁጥሩ ስንት ማቴሪያል ይህን መልክ እየተጋራ እንደሆነ ይናገራል። ዜሮ ካልሆነ መጀመሪያ አሴቱን ለብቻው አባዙት፣ ከዚያ ቀይሩት። አሴቱም የራሱ ስም አለው። የማቴሪያሉን ስም ስጡትና ሁለቱ አብረው ይሂዱ።

«ማቴሪያል ማለት መልክ ነው»

ይህ አስተሳሰብ «ግራጫ»፣ «ነጭ ግድግዳ»፣ «ቡኒ 2» የሚሉ ስሞችን ይወልዳል። ግራጫው ምንድን ነው? ኮንክሪት? ድንጋይ? ቀለም? የሙቀት ስሌት የሚሠራው ሰው ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙን ይፈልጋል፣ የካርቦን ስሌት የሚሠራው ሰው ደግሞ ዕቃው ከምን እንደተሠራ ማወቅ አለበት። «ግራጫ» ለሁለቱም መልስ የለውም። አርኪካድ የተባለው ሌላ የሕንፃ ዲዛይን ሶፍትዌር ነገሩን በሚገባ ለይቶታል። በ2013 ከወጣው 17ኛው ስሪት ጀምሮ የግንባታ ማቴሪያል አንድ ነገር፣ ላዩ ላይ የሚታየው ገጽታ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሪቪት ላይ ሁሉም አንድ መስኮት ውስጥ ስላለ መለየቱ የእናንተ ሥራ ነው። እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ፣ ቀጥሎ ዓይነቱ፣ መጨረሻ ላይ ደረጃው ወይም ማጨረሻው። ዝርዝሩ በፊደል ተራ ሲደረደር ኮንክሪት ከኮንክሪት ጋር፣ ብረት ከብረት ጋር ይሰበሰባል።

«አንዴ የወጣ ስም ከተቀየረ ሞዴሉ ይበላሻል»

ሪቪት ፋይል ውስጥ አይበላሽም። ግድግዳውና ማቴሪያሉ በውስጥ መለያ ቁጥር ነው የተያያዙት። ስሙን ስትቀይሩ የተጠቀመበት ሁሉ አብሮ ይከተላል። አደጋው ከፋይሉ ውጭ ነው፤ ሬንደር ሶፍትዌሩ፣ ሌሎቹ ፋይሎች፣ በስም የተያያዘው የስሌት ሠንጠረዥ። ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ቀይሩ፣ ለሥራ ባልደረቦቻችሁም ንገሩ።

ይህ በተለይ ለኮንክሪት ይጠቅማል። «ሲ25/30» ማለት የሲሊንደር ጥንካሬው 25፣ የኪዩብ ጥንካሬው 30 ሜጋፓስካል ነው። በመጀመሪያው የዲዛይን ደረጃ ይህን ቁጥር ገና ስትራክቸራል ኢንጂነሩ አልወሰነውም። ገምታችሁ አትጻፉ። «ኮንክሪት - ስትራክቸራል - ያልተወሰነ» በሉት። ውሳኔው ሲመጣ አንድ ጊዜ መቀየር ነው።

«ኮድ ከተጠቀምን ስም አያስፈልግም»

ማስተርፎርማትም ሆነ ዩኒክላስ፣ የግንባታ ዕቃና ሥራን በኮድ የሚመድቡ ሥርዓቶች፣ የሚነግሩን ዕቃው የየትኛው ምድብ አባል እንደሆነ ነው። አንድ ምድብ ውስጥ ብዙ ዕቃ አለ። ኮዶችም ይቀየራሉ። ማስተርፎርማት በ2004 ከ16 ክፍል ወደ 50 ክፍል ሲሰፋ ቁጥሮቹ ሁሉ ተለወጡ። ኮዱን ስሙ ላይ የለጠፈ ሰው ስሞቹን በሙሉ መቀየር ነበረበት። ኮዱን በራሱ ሳጥን አስቀምጡት።

«መጨረሻ ላይ ፐርጅ እናደርገዋለን»

ፐርጅ (የማጽጃ ትዕዛዝ) የሚያጠፋው ጥቅም ላይ ያልዋለውን ብቻ ነው። አምስቱም «ኮንክሪት» አንድ አንድ ግድግዳ ላይ ካሉ አምስቱም ይቀራሉ። አንዱን ማቴሪያል በሌላው ስም ልጥራው ብትሉም ሪቪት ስሙ ተይዟል ብሎ ይመልሳችኋል። ያለው አማራጭ የተጠቀመበትን የግድግዳና የወለል ዓይነት እየፈለጉ መተካት ነው። አርኪካድ «አጥፍተህ ተካ» የሚል ትዕዛዝ ስላለው እዚያ ቀለል ይላል።

ከሁሉ የሚበዛው ቆሻሻ የሚመጣው ከውጭ ከሚወርዱ ፋሚሊዎች (ሞዴሉ ላይ ከሚጫኑ ዝግጁ አካላት) ነው። አንድ በር ወይም አንድ መታጠቢያ የራሱን የስም ልማድ ይዞ ይገባል። ስለዚህ ፋሚሊውን ፕሮጀክቱ ላይ ከመጫናችሁ በፊት ለብቻው ክፈቱት። ማቴሪያሎቹን እዩ። የአሉሚኒየሙን ስም ቴምፕሌታችሁ (የፕሮጀክት መነሻ ፋይላችሁ) ላይ ካለው አሉሚኒየም ጋር በፊደልም በባዶ ቦታም አንድ አድርጉት። ከዚያ ጫኑት። ሲገባ የእናንተን ማቴሪያል ይይዛል፣ ዝርዝሩ ላይም አዲስ ረድፍ አይጨምርም።