የዎርድፕረስ ድረ ገጽን መቀየር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«የቲሙን ፋይል ከፍቼ ኮዱን ቀየርኩት፤ ሠራ፤ አለቀ።»

ሠርቷል፤ ግን አላለቀም። ቲሙ (የድረ ገጹን መልክ የሚወስነው የፋይሎች ስብስብ) አፕዴት ሲደረግ፣ ድረ ገጹ የተሠራበት ፕሮግራም ዎርድፕረስ የድሮውን ፎልደር አጥፍቶ በአዲሱ ይተካዋል፤ በፋይሉ ላይ የጻፉትም አብሮ ይጠፋል። ይህን ፈርተው አፕዴት ማድረግ የሚተዉ አሉ። እሱ ደግሞ የባሰ ነው፤ የደህንነት ቀዳዳው ሳይደፈን ይከርማል። ማንኛውንም ነገር ከመንካት በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ይህ ለውጥ የሚቀመጠው ፋይል ላይ ነው ወይስ ዳታቤዝ (የድረ ገጹ ጽሑፎችና ቅንብሮች የሚከማቹበት) ውስጥ?

ቀለም፣ የፊደል መጠንና ክፍተት ብቻ ከሆነ የሚቀየረው፣ በዳሽቦርዱ (በማስተዳደሪያ ገጹ) «አፒራንስ» ከዚያ «ከስተማይዝ» ብለው «አዲሽናል ሲኤስኤስ» (ተጨማሪ የመልክ ኮድ) ላይ ይጻፉት። ዳታቤዝ ውስጥ ስለሚገባ አፕዴት አይነካውም። ከአንድ ቲም ጋር የታሰረ ስለሆነ ግን ቲም ሲቀይሩ አይከተልዎትም፤ ኮዱን ቀድመው ገልብጠው ያስቀምጡ። በብሎክ ቲም (ገጹ በሙሉ በብሎኮች የሚቀረጽበት አዲሱ የቲም ዓይነት) ላይ «ከስተማይዝ» ካጡ «ኤዲተር» ገብተው «ስታይልስ» ውስጥ ይፈልጉት።

«ቻይልድ ቲም የዋናው ቲም ሙሉ ቅጂ ነው።»

አይደለም። ቻይልድ ቲም በቲሞች ፎልደር ውስጥ የሚፈጠር አዲስ ፎልደር ነው፤ የቀረውን ከዋናው ቲም እየወሰደ የእርስዎን ለውጥ ብቻ ለብቻው ስለሚይዝ የዋናው አፕዴት አያጠፋውም። ለመነሻ የስታይል ፋይሉ አናት ላይ ሁለት መስመር ይበቃዋል፤ አንዱ የራሱ ስም፣ ሌላው «ቴምፕሌት» የሚለው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ሁለተኛው ላይ ነው። መጻፍ ያለበት በዳሽቦርዱ የሚታየው የዋናው ቲም ስም ሳይሆን የፎልደሩ ስም ነው፣ ፊደል በፊደል። ካልገጠመ ዎርድፕረስ «ዋናው ቲም የለም» ይልዎታል።

ከዋናው ቲም የሚገለበጠው ሊቀይሩት የፈለጉት ፋይል ብቻ ነው። የተገለበጠ ፋይል የዋናውን ተክቶ ስለሚሠራና እርማቱን ስለማያገኝ፣ ሁሉን ከገለበጡ አፕዴቱ ትርጉም ያጣል። የፈንክሽን ፋይሉ (የቲሙ ትእዛዞች የሚጻፉበት) ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ነው፤ የቻይልዱ ቀድሞ ይነበባል፣ የዋናውም ይከተላል። ስለዚህ እሱን ፈጽሞ አይገልብጡ፤ አንዱ ፈንክሽን (ስም የተሰጠው ትእዛዝ) ሁለት ጊዜ ታውጆ ድረ ገጹ ሊቆም ይችላል። ቻይልዱን ባበሩ ጊዜ ሎጎና ሜኑ ከቦታቸው ቢጠፉ አይደንግጡ፤ እነዚህ ቅንብሮች በየቲሙ ለየብቻ ስለሚያዙ እንደገና መምረጥ ነው።

«አማርኛው በኔ ኮምፒውተር ያምራል፤ በሁሉም ዘንድ እንዲሁ ይታያል።»

አብዛኞቹ የቲም ፎንቶች የግዕዝ ፊደል የላቸውም። አሳሹ ከአንባቢው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ያገኘውን ይተካል፤ እያንዳንዱ አንባቢ የተለየ ገጽ ያያል ማለት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ ነፃ ፎንት ሰርቨርዎ ላይ ይጫኑ፤ ከመደበኛው ጋር የደማቁን ፋይልም ይጨምሩ። ያለ እሱ አሳሹ መደበኛውን በግድ ሲያደምቀው የ«ጨ» እና የ«ፀ» ክፍት ቦታዎች ይደፈናሉ።

«ፕለጊን ከበዛ ድረ ገጹ ይዘገያል።»

ፕለጊን በድረ ገጹ ላይ ተጨማሪ ሥራ የሚጨምር ፕሮግራም ነው፤ ቁጥሩ ሳይሆን ሥራው ነው የሚያዘገየው። በየገጹ ከባድ ስክሪፕት የሚጭን አንድ ፕለጊን ከአሥር ቀላሎች ሊብስ ይችላል።

«ሊንኩ ራሱ ከርዕሱ ይወጣል፤ መንካት አያስፈልግም።»

በአማርኛ ርዕስ ይህ አይሠራም። ዎርድፕረስ ለሊንኩ ስም የሚሰጠው ቦታ 200 ምልክት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ወደ % ኮድ (በሊንክ ውስጥ የላቲን ያልሆነ ፊደል የሚጻፍበት) ሲቀየር 9 ምልክት ይይዛል፤ ስለዚህ ከ22 ፊደል በላይ አይገባም። «በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ቤት ዕጣ አወጣጥ» ብለው ርዕስ ቢሰጡ ሊንኩ «ዕጣ አወ» ላይ ይቆረጣል፤ ቴሌግራም ላይ ገልብጠው ሲለጥፉትም የሚታየው ብዙ ጊዜ የ% ክምር ነው። ጽሑፉን ከመልቀቅዎ በፊት «ስለግ» (የሊንኩ ስም) የሚለው ቦታ ላይ ሁለት ሦስት ቃል በላቲን ፊደል ይጻፉ። ከለቀቁት በኋላ ቢቀይሩት፣ ጽሑፉ ፖስት (በየጊዜው የሚለቀቅ ጽሑፍ) ከሆነ ዎርድፕረስ የድሮውን ሊንክ አስታውሶ አንባቢውን ወደ አዲሱ ይመራል። ለፔጅ (እንደ «ስለ እኛ» ላለ ቋሚ ገጽ) ግን ይህን ስለማያደርግ ሪዳይሬክቱን (ከድሮው ሊንክ ወደ አዲሱ የሚመራውን) ራስዎ መሥራት ይኖርብዎታል።