ሞክሼ ፊደላትና የሚለዩአቸው ቃላት

ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው የተለያየ ፊደላት ሞክሼ ይባላሉ። አማርኛ ውስጥ ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ናቸው። ፊደል የቆጠረ ሰው በቅጽላቸው ይጠራቸዋል፦ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ፤ አልፉ አ፣ ዓይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ቅጽሉ ራሱ ፊደሉ የሚገባበትን አንድ ቃል ያስታውሳል።

በጥንቱ ግዕዝ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። ትግርኛ ዛሬም ሐን እና ዐን ከጉሮሮ ለይቶ ይናገራል። አማርኛ ድምፁን አዋሐደ፤ ደግነቱ መልኩን አልጣለም።

ቁም ነገሩ ያለው ከግዕዝ በመጡት ቃላት ላይ ነው። በእሳቱ ሰ ሰረቀ ሲጻፍ የሌባ ሥራ ነው። በንጉሡ ሠ ሠረቀ ከሆነ ግን ፀሐይ ወጣች ማለት ነው፤ ምሥራቅ የተገኘው ከዚህ ነው። ሰአለ ለመነ ነው፣ ሠዐለ ደግሞ ሥዕል ሣለ። ስለዚህ «ሰአሊ ለነ» የሚለውን ልመና በሠ እና በዐ የጻፈ ሰው «ለምኝልን» ማለቱ ቀርቶ «ሣይልን» ሆኖበታል። መሀረ አስተማረ፣ መሐረ ይቅር አለ ነው። ትምህርት በሃሌታው፣ ምሕረት በሐመሩ የሚጻፉት ለዚህ ነው። ሐለየ ዘመረ ነው፣ ማሕሌትን ወለደ፤ ኀለየ አሰበ ነው፣ ኅሊናን ወለደ። አመተ ማርያም የማርያም አገልጋይ ናት፤ በዓይኑ ዐ ዓመት ከተባለ ግን ዘመን ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ድኅነት ነው። በብዙኃኑ ኀ መዳን ነው፣ በሃሌታው ሀ ማጣት። «የድኅነት መንገድ» ብሎ ሊጽፍ የተነሣ ሰው በአንዲት ፊደል ሰውን ወደ ችጋር ይጠራል።

በዚህ ጉዳይ ዋናው መዳኛ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፣ አለቃ ኪዳነ ወልድ ደከሙበት፣ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። የሦስት ሊቃውንት ዕድሜ ያለበት ሥራ ነው።

ሞክሼዎቹ ይቀነሱ የሚሉ ምሁራንም አሉ። የድሮ ብራና ጸሐፊዎችም ያቀያይሯቸው ነበር ይላሉ፤ እውነትነት አለው። ፊደሉ ለልጆች ይቀልላል የሚለውም ክርክር ሊኖረው የሚችል ሚዛን አለ።

ኮምፒውተር ግን አንዱን ከሌላው አያምታታም። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ሰ እና ሠ የተለያየ ቁጥር አላቸው። «ሥዕል» ብሎ የፈለገ ሰው፣ ፍለጋው ሞክሼዎቹን እንዲያዛምድ ካልተሠራ፣ «ስእል» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም።