ፍሪ ቱ ኤር ምንድን ነው?

ፍሪ ቱ ኤር የሚባለው ካርድ ሳይገዙ፣ ወር በገባ ቁጥር ሳይከፍሉ፣ በተራ ሪሲቨር ብቻ የሚታይ ቻናል ነው። ጣቢያው ምስሉንና ድምፁን ሳይቆልፍ ስለሚለቀው በሳተላይቱ ሽፋን ውስጥ ያለ ዲሽ ሁሉ ይቀበለዋል። ወርሃዊ ክፍያ የከበደው ቤተሰብ ያለው ምርጫ መክፈል ወይም ቴሌቪዥኑን መዝጋት ብቻ ይመስለዋል። ጣሪያው ላይ ያለው ዲሽ ግን ሳይከፈልበትም ብዙ ነገር ማምጣት ይችላል።

መጀመሪያ ክፍያው ለምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ቴሌቪዥን የሚያሰራጩት አብዛኞቹ ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው ከምድር ጋር እኩል ይዞራሉ። ከታች ላለ ሰው አንድ ቦታ የቆሙ ያህል ስለሆኑ ዲሹ አንዴ በትክክል ከዞረላቸው ይበቃል። ሳተላይቱ ሞገዱን ወደ ታች ሲለቅ የከፈለውን ካልከፈለው አይለይም፤ የክፍያ ቻናል ሲግናልም ሁለቱም ዲሽ ላይ እኩል ያርፋል። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የክፍያ ቻናሉ ሲለቀቅ ተቆልፎ ነው፤ መቆለፊያው በየጥቂት ሰከንዱ ይቀያየራል፤ ሪሲቨሩ ውስጥ የገባው ካርድ ደግሞ ፈቃዱ እስካልተቋረጠ ድረስ መክፈቻውን እያወጣ ይሰጣል። በየወሩ የሚከፈለው ይህ ፈቃድ እንዲቀጥል ነው።

መቆለፉ ራሱ ኋላ የመጣ ነገር ነው። በአሜሪካ ኤችቢኦ የተባለው የክፍያ ቻናል እ.ኤ.አ. በ1975 ፕሮግራሙን በሳተላይት መላክ ሲጀምር ታስቦ የነበረው ለኬብል ድርጅቶች እንዲደርስ፣ እነሱም ለደንበኞቻቸው እንዲያከፋፍሉት ነበር። ሲግናሉ ክፍት ስለነበረ ግን ግቢያቸው ውስጥ ትልልቅ ዲሽ የተከሉ ሰዎች በቀጥታ ከሳተላይቱ እየወሰዱ ያለ ክፍያ ማየት ጀመሩ። ቁጥራቸው እየበዛ ሄደ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1986 ኤችቢኦ ስርጭቱን ሙሉ በሙሉ ቆለፈ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ክፍት ቻናልና የክፍያ ቻናል የሚባሉት ሁለት ዓለሞች እየተለያዩ የመጡት በዚህ ዓይነት መንገድ ነው።

ታዲያ ዛሬም ሳይቆልፉ የሚለቁት ምን አገኝ ብለው ነው? ገቢያቸው ከተመልካቹ ኪስ ስለማይመጣ ነው። የማስታወቂያ ጣቢያ የተመልካቹ ብዛት ነው ገበያው፤ ቢቆልፍ ራሱን ይጎዳል። እንደ ዶቼ ቬለ፣ ፍራንስ 24 እና አልጀዚራ ያሉት ዓለም አቀፍ ጣቢያዎች በመንግሥት ገንዘብ የሚደገፉና ድምፃቸው ሩቅ እንዲሰማ የሚፈልጉ ናቸው። የሃይማኖት ጣቢያዎች ደግሞ በአብዛኛው በምዕመናን መዋጮ ይቆማሉ። ስለዚህ በነፃ የሚገኘው ዜና፣ ሃይማኖታዊ ፕሮግራም፣ ሙዚቃ፣ የልጆች ዝግጅትና ድራማ ይበዛዋል። የምስሉ ጥራት ከክፍያው ያንሳል የሚለው ወሬም ልክ አይደለም። በነፃ በኤችዲ የሚለቁ ጣቢያዎች ብዙ ናቸው፤ ዝናብ ሲበረታም ሲግናሉ የሚደክመው ለሁለቱም ነው።

የሚጎድለው በግልጽ መነገር አለበት፦ የትልልቅ ሊጎች የቀጥታ ጨዋታና አዳዲስ ፊልሞች። የማሳያ መብት የሚሸጠው በአገር ተከፋፍሎ ነው፤ የሳተላይት ሞገድ ግን ድንበር አያውቅም። ለአንድ አገር የተገዛ ጨዋታ ክፍት ቢለቀቅ ጎረቤት አገሮችም ያዩታል፤ ለእነሱ መብቱን የገዛው ድርጅት ደግሞ ይህን አይቀበልም። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2003 ቻናሎቹን ከመቆለፊያ ሲያወጣ ይህን ችግር ያቃለለው አስትራ 2ዲ ወደተባለ፣ ሞገዱ በዋናነት ብሪታንያና አካባቢዋ ላይ ወደሚያርፍ ሳተላይት በማዛወር ነው። ሁሉም ጣቢያ እንዲህ ያለ ጠባብ ሽፋን ስለማያገኝ፣ እግር ኳስ ለማይቀርበት ሰው ፍሪ ቱ ኤር ብቻውን አይበቃውም።

ዕቃው ዲሽ፣ ኤልኤንቢ (ከዲሹ ፊት ተገጥሞ ሲግናሉን የሚቀበለው ትንሽ ዕቃ)፣ ገመድና ሪሲቨር ነው፤ ወጪውም የአንድ ጊዜ ነው። የክፍያ ደንበኛ የነበረ ሰው ዲሹና ገመዱ አሉት፣ ብዙ ጊዜ ኤልኤንቢውም ያገለግለዋል። ጥንቃቄ የሚፈልገው ሪሲቨሩ ነው። የቆየ ሪሲቨር ዲቪቢ-ኤስ የተባለውን ስርጭት ብቻ ያነባል፤ ዛሬ ብዙ ቻናሎች፣ በተለይ ኤችዲዎቹ፣ የሚመጡት ከእሱ በኋላ በመጣው በዲቪቢ-ኤስ2 ነው። ስለዚህ ሲግናሉ ሞልቶ እያለ ሰርች ሲደረግ ቻናሉ አይገኝም። ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ከጠፋ ደግሞ ቻናሉ ምስሉን ሪሲቨሩ በማያውቀው አጨማመቅ፣ ለምሳሌ በኤች.265፣ እየላከው ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ጊዜ ዲሹን መነካካት ትርፉ ድካም ነው።

ሌላም የሚያምታታ ነገር አለ። ሪሲቨሩ በዚያው ገመድ ወደ ኤልኤንቢው ኤሌክትሪክ ይልካል፤ 13 ቮልት ሲሆን ቨርቲካል (ሞገዳቸው ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዝ)፣ 18 ቮልት ሲሆን ሆሪዞንታል (ወደ ጎን የሚወዛወዝ) ቻናሎችን ያመጣል። ከአንድ ሳተላይት የአንዱ ወገን ቻናሎች ብቻ ጠፍተው ሌሎቹ ካሉ፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ገመዱ፣ መጋጠሚያውና ኤልኤንቢው ነው። ቻናሎች ፍሪኩዌንሲም ይቀይራሉ። ትናንት የነበረ ቻናል ዛሬ ሲጠፋ ተቆለፈ ከማለት በፊት አዲሱን ፍሪኩዌንሲ፣ የሞገዱን አቅጣጫ (ቨርቲካል ወይም ሆሪዞንታል) እና ሲምቦል ሬት የሚባለውን የስርጭቱን ፍጥነት ቁጥር አስገብቶ እንደገና ሰርች ማድረግ ነው።

በጣሪያ አንቴና የሚያዘው የምድር ዲጂታል ስርጭትም በብዙ አገሮች በዚሁ ሐሳብ ይሠራል፤ ስርጭቱ ባለበት ቦታ ዲሽም አይፈልግም። የኢንተርኔት ቪዲዮ ምርጫው ሰፊ ነው፤ ዳታው በየሜጋባይቱ ለሚቆጠርበት ሰው ግን ከሳተላይት ክፍያ ሊበልጥበት ይችላል። ዲሽ ቀኑን ሙሉ ቢከፈት የዳታ ወጪ የለበትም። እኔ ዜናውንና የልጆችን ፕሮግራም ለዲሽ ትቶ፣ በእርግጥ የሚፈለገውን ጥቂት ነገር ብቻ በኢንተርኔት ማየትን እመርጣለሁ።

ከፍሪ ቱ ኤር ጋር መምታታት የሌለበት አንድ ነገር አለ። ሁሉንም የክፍያ ቻናል በነፃ ይከፍታል ተብሎ የሚሸጥ፣ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ ሪሲቨር መክፈቻውን የሚያመጣው ከሌላ ሰው ካርድ ነው። በብዙ አገሮች ሕግ የተከለከለ ነው። ድርጅቱ አሠራሩን በቀየረ ዕለትም ይቆማል፤ ለሻጩ የተከፈለውም ገንዘብ አብሮ ይቀራል።

ከደንበኝነት ለመውጣት ያሰበ ሰው በመጀመሪያ ቤተሰቡ በእርግጥ የሚያያቸውን ቻናሎች ይጻፍ፤ ከጥቅሉ ውስጥ ተከፍተው የማያውቁት ብዙ መሆናቸው አይቀርም። ቀጥሎ እንደ ሊንግሳት ባሉ ድረ ገጾች እያንዳንዱ ቻናል በየትኛው ሳተላይት ላይ እንዳለ፣ ክፍት ይሁን የተቆለፈ ያጣራ። ክፍያውን ከማቆሙ በፊት ተራ ሪሲቨር ተውሶ ዲሹ ላይ ይሞክር፤ የክፍያ ድርጅቶች የሚሰጧቸው አንዳንድ ሪሲቨሮች ካርዱ ሲዘጋ ነፃ ቻናሎችንም አብረው ስለሚዘጉ በእነሱ መፈተሽ አያስተማምንም። የሚፈልጋቸው ቻናሎች በሌላ ሳተላይት ላይ ከሆኑ ዲሹን ማዞር ወይም ሁለተኛ ኤልኤንቢ መጨመር ይኖርበታል።