ጃፓን ቢሮ ልትገቡ ነው? የምትፈሩት ሌላ፣ የሚጥላችሁ ሌላ

ቶኪዮ ውስጥ ካትሱሺካ በሚባለው ወረዳ ሐበሻ ሰብሰብ ብሎ ቡና የሚጠጣበት ቤት አይጠፋም። አዲስ ሥራ ያገኘ ሰው እዚያ ከተቀመጠ ምክሩ በላይ በላዩ ይወርድበታል፦ «ቢዝነስ ካርድ በአንድ እጅ እንዳትቀበል!» «አለቃህ ሳይወጣ እንዳትነሳ!» «ጠጣ ካሉህ ጠጣ!» እኔም ይህን ሁሉ ሰንቄ ነው አንድ የጃፓን ኩባንያ የገባሁት። የፈራሁት ሁሉ ቀላል ሆኖ አገኘሁት። የጣለኝ ማንም ያልነገረኝ ነገር ነው።

ጃፓን ውስጥ ተቀጥረው የሚሠሩ የውጭ አገር ሰዎች በ2024 ከ2 ሚሊዮን 300 ሺህ በልጠዋል። ከአፍሪካም በ2013 ይፋ በሆነው «አቤ ኢኒሼቲቭ» በኩል ማስተርሱን ተምሮ ኩባንያ ውስጥ የሥራ ልምምድ የሚገባ ወጣት አለ። የቡናው ላይ ምክር ቢጣራ ጥሩ ነው ያልኩት ለዚህ ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያለሁ። ጃፓኖቹ ራሳቸው ግን ሌላም አላቸው፤ በ2019 አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ዙፋን ላይ ሲወጡ «ሬይዋ» የሚባል ዘመን ከ1 ጀምሯል። ፎርም ላይ 2025 «ሬይዋ 7» ተብሎ ሲመጣ ሌላው የውጭ ሰው ይደናገጣል፤ በሁለት አቆጣጠር ያደገ ሐበሻ ግን ምን ያስደንግጠዋል።

«መጎንበሱን ካላወቅክበት በመጀመሪያው ቀን ትዋረዳለህ»

አትዋረዱም። 15፣ 30፣ 45 ዲግሪ እየተባለ የሚለካው አጎነባበስ ለአዳዲስ ጃፓናውያን ሠራተኞች ራሱ በሥልጠና የሚሰጥ ነው። ከውጭ ሰው ማንም ፍጹምነት አይጠብቅም። ደግሞ ቀኝ ክንዱን በግራው ደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ ታላቁን ሲጨብጥ ላደገ ሰው ነገሩ ባዕድ አይደለም። ካርዱንም በሁለት እጅ መቀበል የእናታችን ትምህርት ነው። የተቀበላችሁትን ወዲያው ኪስ አትክተቱት፤ ስብሰባው እስኪያልቅ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። ባለቤቱ እያየ አትጻፉበት። በቃ።

የመጀመሪያው ቀን እውነተኛ ጣጣ ስም ነው። ቢሮ ውስጥ ሰው የሚጠራው በቤተሰብ ስሙ ነው፤ እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። የእኔ ፓስፖርት ላይ መጨረሻ የተጻፈው የአያቴ ስም ነበርና የኢሜል አድራሻዬም፣ የበር ካርዴም፣ የጠረጴዛዬ ምልክትም በእሳቸው ስም ወጣ። እንደ እኛ «አቶ» ወይም «ወይዘሮ» ያለ «ሳን» የሚባል የአክብሮት ቃል ተጨምሮላቸው አያቴ ጃፓን ተቀጠሩ ማለት ነው። በራሳችሁ ስም መጠራት ከፈለጋችሁ ካርዱ ከመታተሙ በፊት ተናገሩ። «ሳን»ን ሌላው ይጨምርላችኋል እንጂ ራሳችሁን ስታስተዋውቁ በስማችሁ ላይ አትጨምሩት።

«አለቃህን በማንም ፊት አንቱ በለው፤ ክብር አይበዛም»

አደገኛነቱ ለእኛ ጆሮ ፍጹም ትክክል መምሰሉ ነው። አንድ ቀን ስልክ ጮኸ፤ አነሳሁ። ደንበኛ ነው፤ የክፍላችንን ኃላፊ ፈለገ። ታናካ እንበላቸው። ወጣ ብለው ነበር። እኔም የማውቀውን የአክብሮት ቃል ሁሉ አሰባስቤ፣ ማዕረጋቸውን ከ«ሳን» ከፍ ካለው ከ«ሳማ» ጋር ደርድሬ፣ ክቡርነታቸው እንደወጡ ነገርኩት። ስልኩን ስዘጋ አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አንዲት ወረቀት ሰጠችኝ፦ «ታናካ ዋ ጋይሹትሱ ሺቴ ኦሪማስ»። «ሳን» የለ፣ ማዕረግ የለ፤ ግሱም የሚናገረው ሰው ራሱን ዝቅ የሚያደርግበት ግስ ነው። በእኛ ቋንቋ ብንመልሰው «ታናካ ወጥቷል» እንደ ማለት ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸውን ሰው!

በአማርኛ አንቱታው የሚጣበቀው በሚወራለት ሰው ላይ ነው። ጋሽ እገሌን ለሚኒስትርም አውሩ ለጥበቃ ሠራተኛ «ሄደዋል» ናቸው። በጃፓንኛ ግን የሚታየው ማን እየሰማ እንደሆነ ነው። የቤቱን «ኡቺ»፣ የደጁን «ሶቶ» ይሉታል። ከደጅ ሰው ጋር ስታወሩ ኩባንያችሁ በሙሉ፣ ፕሬዚዳንቱ ሳይቀሩ፣ «እኔ» ናቸው። ሰው ስለ ራሱ በአንቱታ እንደማያወራ ሁሉ፣ እነሱም ስለ ቤታቸው ሰው ለደጅ ሰው በአንቱታ አያወሩም። ስልኩ ሲዘጋ ታናካ ወዲያው «ታናካ-ካቾ» ይሆናሉ፤ «ካቾ» የክፍል ኃላፊ ነው። ይባስ ብሎ የደወሉት የኃላፊው ባለቤት ከሆኑ አክብሮቱ ይመለሳል፤ ለእሳቸው ሰውየው የቤት ሰው ናቸውና እናንተ በዚያ ጊዜ ደጅ ናችሁ። ይህን እስክለምድ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይል ነበር።

በዚሁ ላይ እያለን፦ ሥራ ሲያልቅ ለሁሉም የሚባለው «ኦትስካሬሳማ» ነው። «ጎኩሮሳማ» የሚለው ታላቅ ለታናሽ የሚለው ስለሆነ ለአለቃችሁ አትበሉት። እኔ ብያለሁ፤ ሰውየው ደግ ስለነበሩ ፈገግ ብለው አለፉ።

«ጃፓኖች አዎ ካሉ አዎ ነው»

«ሃይ» አዎ ነው፣ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን «እየሰማሁህ ነው» ከማለት አያልፍም። «ኬንቶ ሺማስ» ማለት «እናስብበታለን» ነው፤ በተለይ ቀን ሳይቆረጥለት ከተባለ ሐሳቡ ሞቷል ማለት ነው። «ቾቶ ሙዝካሺ»፣ ማለትም «ትንሽ ከበድ ይላል»፣ እምቢታ ነው። ለእኛ የተለየ ወጥመድ ያለው ትንፋሽ ላይ ነው። እኛ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» እንላለን፤ እነሱ በጥርሳቸው መሀል «ስስስ» ብለው አየር ሲስቡ ነገሩ አልተመቻቸውም ማለት ነው። የመጀመሪያውን ወር ሰው ሁሉ እየተስማማልኝ መስሎኝ ከረምኩ።

ይህን ግብዝነት ነው የሚሉ አሉ። አይመስለኝም። በአደባባይ የሚባለውን «ታተማኤ»፣ ልብ ውስጥ ያለውን «ሆንኔ» ይሉታል፤ ሁለቱም እንዳሉ ተናጋሪውም ሰሚውም ያውቃል። ማንም የማይታለልበትን ነገር ውሸት ማለት ይከብዳል። ሰምና ወርቅ ያደነቀ ሕዝብ ሰሙን ብቻ ይዞ ቢመለስ ነው የሚያስቅ።

«ስብሰባ ላይ ዝም የሚሉት አለቃ ስለሚፈሩ ነው»

ፍርሃት የለም አልልም። ዋናው ምክንያት ግን ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ነገሩ ያለቀ መሆኑ ነው። «ነማዋሺ» ይባላል፤ ቃሉ የአትክልተኛ ነው። ትልቅ ዛፍ ነቅሎ ሌላ ቦታ የሚተክል ሰው አስቀድሞ ሥሩን ዙሪያውን ይቆፍራል፣ ይቆርጣል፣ ቀጫጭን አዲስ ሥር እስኪያወጣ ይጠብቃል፤ አለዚያ ዛፉ ይደርቃል። ሐሳብም እንዲሁ ነው። ያላችሁን ሐሳብ መጀመሪያ ለአንዱ በቡና ሰዓት፣ ለሌላው በኮሪደር፣ ለሦስተኛው በአጭር ኢሜል ታቀምሱታላችሁ። የሚቃወም ካለ ማንም ሳይሰማው ይነግራችኋል፤ ታስተካክላላችሁ። ከዚያ «ሪንጊሾ» የሚባለው የውሳኔ ሰነድ ከታች ወደ ላይ እየዞረ ይጸድቃል። ስብሰባው ያለቀውን ነገር ማብሰር ብቻ ነው።

እኔ በገባሁ በሁለተኛው ወር ለማንም ሳልናገር፣ ዘጠኝ ሰው በተቀመጠበት፣ አንድ የሥራ ሂደት እንዲቀየር ሐሳብ አቀረብኩ። ስላይድ ሁሉ ነበረኝ። «በጣም አስደሳች ነው» ተባለ፤ እናስብበታለን ተባለ። ከላይ ያለውን ያነበበ ይረዳኛል። ያሳፍራል፤ ምክንያቱም እኛ አገር ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የልጅቷ ቤት ውስጥ ውስጡን እንደሚጠየቅ አውቃለሁ። እምቢ ሊባል ወደሚችልበት ቤት ሽማግሌ ደርሶ አይሄድም። ያንኑ ጥበብ ቢሮ ውስጥ መጠቀሙ ነው ያልታየኝ።

ሰነዱ ላይ ይመታል የሚባለው ማኅተምስ? «ሃንኮ» የሚባለው የግል ማኅተም በ2020 ኮኖ ታሮ የአስተዳደር ማሻሻያ ሚኒስትር ሆነው ከመንግሥት ቢሮ አሠራር እንዲወጣ ዘመቻ ከከፈቱበት ወዲህ እየቀነሰ ነው። ባንክ ወይም ኩባንያችሁ ከጠየቀ ብቻ አስቀርጹ።

«ጎበዝ ሠራተኛ ሥራውን ጨርሶ ነው የሚታየው»

አይደለም! ምናልባት ከሁሉ ይልቅ ብዙ የውጭ ሰው የሚወድቅበት እዚህ ነው። ቢሮው የሚኖረው በ«ሆሬንሶ» ነው፦ ሆኮኩ ሪፖርት ማድረግ፣ ሬንራኩ ማሳወቅ፣ ሶዳን ማማከር። ሦስቱ ሲያጥሩና ሲገጣጠሙ ስፒናች የሚባለውን ቅጠል ስም ይመስላሉ፤ ለዚህ ነው ማንም የማይረሳው። ሥራው ግማሽ ሲደርስ «እዚህ ደርሻለሁ» ማለት፣ ሊዘገይ ሲመስል ከመዘግየቱ በፊት መናገር፣ ሁለት መንገድ ሲኖር መጠየቅ። ሐበሻ ግን ይህን እንደ አቅም ማነስ ያየዋል፤ «ራሱን ችሎ ይሠራል» መባል ምስጋናችን ነውና። እዚህ ዝም ብሎ ሠርቶ በመጨረሻ ያመጣ ሰው፣ ሥራው ጥሩም ቢሆን፣ አሳሳቢ ነው።

መጥፎ ዜና ደግሞ ይቅደም። ፋብሪካና ግንባታ ላይ «ሂያሪ ሃቶ» የሚባል ሪፖርት አለ፤ አደጋ ሊደርስ ሲል ለጥቂት የተረፈበትን አጋጣሚ ሠራተኛው ራሱ ይጽፋል። ለመውቀስ ሳይሆን ቀጣዩን ለመከላከል ነው። ካይዘንን አገር ቤት የተማረ ሰው (የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2011 ተቋቁሟል) ግድግዳ ላይ የተለጠፉትን አምስቱን «ማ»ዎች፣ በ«ማ» የሚጀምሩትን የሥራ ቦታ አያያዝ ደንቦች፣ ያውቃል። ጃፓን ውስጥ ግን ካይዘን ተራ ቃል ነው፣ «ማሻሻል»። የሚጀምረውም «እዚህ ጋ ተሳስቻለሁ» ከሚል አንድ መስመር መልእክት ነው።

«ሌሊቱን ሙሉ ይሠራሉ፤ ፈቃድ መጠየቅ ነውር ነው»

ከሥራ ብዛት የሚመጣ ሞት በጃፓንኛ ስም ያለው በከንቱ አይደለም፤ «ካሮሺ» ይባላል። ሕጉ ግን ዝም አላለም። ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 40 ሰዓት ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ቢያንስ 25 በመቶ ይጨመርበታል። ከ2019 ጀምሮ በትልልቅ ኩባንያዎች፣ ከ2020 ጀምሮ በአነስተኞቹ፣ የትርፍ ሰዓት ጣሪያ በወር 45፣ በዓመት 360 ሰዓት ነው፤ በልዩ ሁኔታም በዓመት ከ720 አይበልጥም፣ በወርም 100 ሰዓት ሊደርስ አይችልም። በዓመት በሚሠራው አማካይ ሰዓትማ ጃፓን ከአሜሪካ በታች ናት፤ ከፊል ጊዜ የሚሠራው መብዛቱ ቁጥሩን እንደሚያወርደው ግን አይረሳ።

ስድስት ወር ከሠራችሁና ከሥራ ቀኑ 80 በመቶውን ከተገኛችሁ 10 ቀን የተከፈለ ፈቃድ አላችሁ፤ ዓመት በጨመረ ቁጥር እስከ 20 ያድጋል። 10 ቀንና ከዚያ በላይ ያለውን ሰው በዓመት ቢያንስ 5 ቀን ማሳረፍ የአሠሪው ግዴታ ነው። ፈቃድ ስጠይቅ ስንፍና የሚመስለኝ ይህን ከማወቄ በፊት ነበር። ስትመለሱ ለባልደረቦች የታሸገ ጣፋጭ ይዛችሁ ኑ፤ አንድ አንድ እንዲደርስ ተደርጎ ተለያይቶ የተጠቀለለውን።

አለቃ እስኪወጣ የሚጎለትበት ቢሮ ዛሬም አለ። መውጣት ስትፈልጉ ግን ቃሉ ተዘጋጅቶላችኋል፤ «ኦሳኪ ኒ ሺትሱሬ ሺማስ» ማለት «ቀድሜያችሁ በመውጣቴ ይቅርታ» ነው። በሉና ውጡ። ማታ ላይ ያለው ልቅነት ጠዋት የለም፤ 3 ሰዓት ማለት (እነሱ 9 ይሉታል) ኮምፒውተራችሁ ተከፍቶ የተቀመጣችሁበት ሰዓት ነው። ባቡር ካዘገያችሁ የባቡር ኩባንያው የመዘግየት ማስረጃ ይሰጣል፤ ውሰዱት።

«ካልጠጣህ ሥራ የለህም»

በ«ኖሚካይ»፣ በባልደረቦች የመጠጥ ምሽት፣ ብዙ ሰው ኦሎንግ ሻይ ይዞ ያመሻል። ማስገደድ ነውር ሆኗል፤ ትልልቅ ኩባንያዎች በሥልጣን ማስጨነቅን እንዲከላከሉ ከ2020 ጀምሮ ሕግ ያዛቸዋል። የራሳችሁን ብርጭቆ ራሳችሁ አትሙሉ፤ የጎናችሁን ሙሉለት፣ እሱ ይሞላላችኋል። ካልፈለጋችሁ እንደ ድግስ ቤት ሙሉውን ተዉት።

ጾመኛ ከሆናችሁ ከመጠጡ ይልቅ ምግቡ ያስቸግራል። ሾርባው፣ ወጡ፣ አትክልቱ ሳይቀር በዓሣ መረቅ ይሠራል፤ ሥጋ የለውም ማለት የጾም ነው ማለት አይደለም። ምሽቱን የሚያዘጋጀው ሰው «ካንጂ» ይባላል። ለእሱ ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ንገሩት፤ በሰዓቱ ከተነገረው ተጨንቆ ያስተካክላል፣ ጠረጴዛው ላይ ከተነገረው ያፍራል።

«አንዴ ከገባህ እስከ ጡረታ ነው»

ዕድሜ ልክ መቀጠር የሁሉም ሠራተኛ ዕጣ ሆኖ አያውቅም። ዛሬ ከሦስት ተቀጣሪ ከአንድ የሚበልጠው ቋሚ አይደለም። የጊዜ ገደብ የሌለው ውል ያለው ሰው በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት በሁለት ሳምንት ማስታወቂያ መልቀቅ ይችላል። በልማድ ግን ከወር በላይ ቀደም ብሎ ይነገራል፤ የጊዜ ገደብ ያለው ውል ደግሞ ሌላ ሥርዓት ስላለው ውላችሁን አንብቡ። መጀመሪያ የሚሰማው የቅርብ አለቃ ይሁን። ባልደረባ ቀድሞ ከሰማ ቅር ይላቸዋል።

እኔ ስለቅ ጣፋጭ ይዤ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ዞርኩ። እነሱ ደግሞ «ሺኪሺ» ሰጡኝ፤ ሁሉም ዙሪያውን አንዳንድ መስመር የሚጽፍበት ጠንካራ አራት ማዕዘን ወረቀት ነው። መሀሉ ላይ በትልቁ የተጻፈው የአያቴ ስም ነው። እናቴ ሳሎኗ ውስጥ ሰቅላዋለች።