የተክል ቫይረስ ለክትባት መሥሪያ? ነገሩ ምንድን ነው?

በርበሬ ስንበላ ቫይረስም አብረን ልንበላ እንችላለን። አትደንግጡ፤ ቫይረሱ የሚያጠቃው በርበሬውን ነው። ስሙ ፔፐር ማይልድ ሞትል ይባላል። በ2006 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካና በሲንጋፖር የጤነኛ ሰዎች ዓይነ ምድር ሲመረመር አርኤንኤ የሚባል የዘረመል ክር ካላቸው ቫይረሶች መካከል በብዛት የተገኘው ይኸው ነበር። ዛሬ የውኃ መርማሪዎች ወንዝ ውስጥ የሰው ቆሻሻ መግባት አለመግባቱን ከሚያውቁባቸው መንገዶች አንዱ እሱን መፈለግ ነው። ከሄርማታ መርካቶ ዛላ ገዝቶ ድልህ የሚሠራ የጅማ ሰውም ከዚህ ዓይነቱ እንግዳ ነፃ ነኝ ብሎ መማል አይችልም።

ሆዳችን ውስጥ ገብቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ቫይረስ ከሆነ፣ ለምን ሥራ አናሠራውም? የዛሬው ርዕሳችን ይህ ነው።

ጅማ ላይ የተክል በሽታ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የቡና ፍሬ በሽታ ነው። በ1971 አገራችን ገብቶ ስንቱን ገበሬ አስለቅሷል። እሱ ግን ፈንገስ ነው። ቫይረስ ከዚያ እጅግ ያነሰና የቀለለ ነገር ነው። አብዛኛው የተክል ቫይረስ ሁለት ነገር ብቻ አለው፦ የዘረመል ክርና በክሩ ዙሪያ የተገነባ የፕሮቲን ቅርፊት። ከተክል ቫይረሶች ስመ ጥሩ የትምባሆ ሞዛይክ ነው። የትምባሆ ቅጠል ያዥጎረጉራል። ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ በ1892 የታመመ ቅጠል ጭማቂ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጠለለው። የተጠለለው ጭማቂ አሁንም ጤነኛውን ተክል አሳመመ። ቫይረስ የሚባል ነገር ለዓለም መታወቅ የጀመረው ከዚያ ነው። በ1935 ዌንደል ስታንሊ ይህንኑ ቫይረስ እንደ ጨው ወደ ክሪስታልነት ለወጠውና በኋላ ኖቤል ተሸለመበት።

ለእኛ ጉዳይ የሚበልጠው ግን የ1955ቱ ሙከራ ነው። ሁለት የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ፕሮቲኑንና አርኤንኤውን ለየብቻ አድርገው መልሰው በአንድ ዕቃ ውስጥ ቀላቀሏቸው። ማንም ሳይነካቸው ራሳቸው ተገጣጠሙ። ቫይረሱም እንደገና ተክል የሚያሳምም ሆነ። የተክል ቫይረስ ቅርፊት መሣሪያ ሊሆን የቻለው በዚህ ጠባዩ ነው። አንድ ቅንጣት የትምባሆ ሞዛይክ 2,130 አንድ ዓይነት ፕሮቲኖች ተደርድረው የሠሩት በትር ነው። ርዝመቱ 300 ናኖሜትር፣ ውፍረቱ 18 ናኖሜትር፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮነኛ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በማሽን ልሥራ ቢሉ አበሳ ነው። ተክሉ ግን በፀሐይና በውኃ ያመርተዋል።

እዚህ ላይ «እሾህን በእሾህ» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን አልስማማም። የተክል ቫይረስ ለእኛ እሾህ አይደለም። የተክል ሴል ጠንካራ ግድግዳ አለው፤ ቫይረሱ የሚገባው ቅጠሉ ሲቆስል ወይም ነፍሳት ሲበሉት ነው። የእኛን ሴል ከፍቶ ገብቶ የሚራባበት መንገድ የለውም። ስለዚህ እንደ አንዳንዶቹ የድሮ ክትባቶች የሰው ጀርም አዳክሞ የመስጠት ጉዳይ አይደለም። ቡናውን አራግፎ ጆንያውን ለሌላ ዕቃ እንደመጠቀም ነው። ዘረመሉ ይወጣል፣ ቅርፊቱ ይቀራል።

ቅርፊቱ ምን ይሠራል? የሰውነታችን መከላከያ አንድ የጀርም ፕሮቲን ብቻውን ሲንሳፈፍ ቢያገኘው ብዙ ጊዜ ችላ ይለዋል። ያው ፕሮቲን በእኩል ርቀት፣ በረድፍ፣ ደጋግሞ ተደርድሮ ከመጣ ግን «ይሄማ ጠላት ነው» ይላል። ቫይረሶች የሚመስሉት እንደዚያ ነውና። ስለዚህ ሳይንቲስቶች ከአደገኛው ጀርም ትንሽ ቁራጭ ይወስዱና የተክሉ ቫይረስ ቅርፊት ላይ ይተክሏታል። ለዚህ የሚወደደው ካውፒ ከሚባለው የአደንጓሬ ዘመድ የሚገኘው የካውፒ ሞዛይክ ቫይረስ ነው። ድቡልቡል ነው፤ ስፋቱ 30 ናኖሜትር ገደማ። ቅርፊቱ 60 ጊዜ የሚደጋገም ክፍል ስላለው ቁራጯም 60 ቦታ ትታያለች። በ1997 በዚህ መንገድ የተሠራ ክትባት ሚንክ የተባሉ ትናንሽ እንስሳትን ከአንጀት በሽታ ቫይረስ አድኗል። የተክል ቫይረስ ክትባት ታማሚ የሚሆነውን እንስሳ ራሱን ሊያድን እንደሚችል ያሳየ ሥራ ነው።

ባዶ ቅርፊት ለክትባት መጠቀም ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። በ2018 በአገራችን ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት የተሠራው ከባዶ ቅርፊት ነው። የዚያ ቅርፊት ግን የራሱ የሰው ቫይረስ እንጂ የተክል አይደለም።

የካውፒው ቫይረስ ሌላም ጠባይ ወጥቶለታል። በ2016 የወጣ ጥናት ላይ ባዶ ቅርፊቱን ምንም ሳይጨምሩበት አይጦች ላይ የካንሰር ዕጢ ውስጥ ሲሰጡት፣ ተኝቶ የነበረው መከላከያ ነቅቶ ዕጢውን ማጥቃት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የታመሙ ውሾች ላይም ተሞክሯል። ለሰው ገና ነው። ይህን ያህል ተስፋ ሰጪ ወሬ ሲሰማ «ለካንሰር መድኃኒት ተገኘለት» ብሎ ፌስቡክ ላይ የሚለጥፍ አይጠፋም፤ እባካችሁ ቀስ በሉ።

ሁለተኛው አጠቃቀም ቅርፊቱን ሳይሆን ጉልበቱን ነው። ቫይረስ ተክሉን አስገድዶ የራሱን ፕሮቲን ያሠራዋል። ታዲያ የቫይረሱን ትእዛዝ ቆርጦ እኛ የምንፈልገውን ፕሮቲን ቢያስገቡበትስ? ተክሉ ፋብሪካ ይሆናል። ለዚህ የተመረጠችው የትምባሆ ዘመድ የሆነች የአውስትራሊያ ተክል ናት፤ ኒኮቲያና ቤንታሚያና ትባላለች። ቫይረስን የመመከት አቅሟ ደካማ ነው። ለእሷ ጉድለት፣ ለሳይንስ ግን በረከት ነው። ተክሏ ተዘቅዝቃ ባክቴሪያ ያለበት ፈሳሽ ውስጥ ትነከራለች፣ አየሩ ይሳባል፣ ፈሳሹ ቅጠሏ ውስጥ ይሰርጋል። ባክቴሪያው ያንን የተለወጠ የቫይረስ ትእዛዝ ወደ ቅጠሉ ሴሎች ያደርሳል። ከቀናት በኋላ ቅጠሉ ተለቅሞ ይፈጫል፣ ፕሮቲኑም ይጣራል።

በ2014 ላይቤሪያ ውስጥ በኢቦላ ለታመሙ ሁለት አሜሪካውያን የእርዳታ ሠራተኞች የተሰጠው ዚማፕ በዚህ ዓይነት መንገድ የተመረተ የሦስት ፀረ እንግዳ አካላት (ጀርም ላይ የሚጣበቁ የመከላከያ ፕሮቲኖች) ድብልቅ ነበር። ወዲያው አለቀ። ቅጠል እስኪደርስ መጠበቅ ግድ ሆነ። በኋላ በ2019 ኮንጎ ላይ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ሲወዳደር ተበለጠ። በ2022 ደግሞ ካናዳ ሜዲካጎ የተባለ ኩባንያ በዚችው ተክል የሠራውን የኮቪድ ክትባት ፈቀደች። ክትባቱ ሠርቷል። ነገር ግን ከባለ አክሲዮኖቹ አንዱ የሲጋራ አምራች ስለነበር የዓለም ጤና ድርጅት አልተቀበለውም። በ2023 ኩባንያው ተዘጋ። ሳይንሱ ሳይወድቅ ንግዱ ወደቀ።

ሦስተኛውን አጠቃቀም፣ ናኖቴክኖሎጂውን (በናኖሜትር በሚለኩ ነገሮች መሥራትን) በአጭሩ ልለፈው፤ ብዙው ገና ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የትምባሆ ሞዛይክን በትሮች ብረት ላይ አቁመው በኒኬል ለበጧቸው። ዓላማው ለባትሪ ሰፊ ገጽ ማግኘት ነው። ሌሎች የበትሩ ውስጥ ያለውን 4 ናኖሜትር ቀዳዳ የካንሰር መድኃኒት ይሞሉበታል። የግብርና ሰው ጆሮውን የሚያቆምበት ሌላ ሙከራም አለ፦ የአፈር ትሎችን የሚገድል ኬሚካል በተክል ቫይረስ ጭኖ ወደ ሥር ማድረስ። ኬሚካል ብቻውን አፈሩ ላይኛው ክፍል ተጣብቆ ይቀራል። ቫይረሱ ግን ሰርጎ ይወርዳል።

ስጋት የለውም ወይ? አለው። በሕይወት ያለ የተክል ቫይረስ ሰውን ባይነካም ወደ ማሳ ቢያመልጥ ሰብል ይጎዳል። ለዚያ ነው ባዶው ቅርፊት የሚመረጠው። ሌላው ደግሞ አስቂኝ ነው። አጫሾች ከሲጋራው ጋር የትምባሆ ሞዛይክን ስለሚያገኙ ደማቸው ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል ተገኝቷል። ሰውነት ቅርፊቱን ቀድሞ ካወቀው ክትባቱን ቶሎ ጠራርጎ ሊያስወጣው ይችላል የሚል ክርክር ከዚህ ይነሳል።

ለእኛ አካባቢ ጉዳዩን የሚያቀርበው ሙቀት መቻሉ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የበረዶ ሳጥን ተሸክማ ቀበሌ ለቀበሌ የምትሄደው ክትባት ሙቀት ስለማይወድ ነው። የካውፒው ቅርፊት ግን 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይችላል፤ የትምባሆ ሞዛይክ ደግሞ ደረቅ ቅጠል ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ጅማ የግብርና ትምህርት ቤት የከፈተችው በ1952 ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ሲቋቋም ያ ኮሌጅና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ በአንድ ጣራ ሥር ገቡ። የቅጠል በሽታ የሚያውቀውና ክትባት የሚያውቀው አንድ ግቢ ካልተገናኙ ይህ ሥራ አይጀመርምና፣ ከተማዋ ግማሹን መንገድ ሄዳለች ብል ማጋነን አይመስለኝም።

አንድ ጥያቄ ይቀራል። ታዲያ ለምን ቅጠሉን እንደ ጎመን አንበላውም? ሐሳቡ በ1990ዎቹ በጣም ተወርቶለት ነበር፤ በ1998 የክትባት ፕሮቲን በውስጡ እንዲያበቅል የተደረገ ጥሬ ድንች በልተው የተሞከረባቸው ሰዎችም አሉ። ግን አንዱ ቅጠል ብዙ ፕሮቲን ይይዛል፣ ሌላው ትንሽ። ጨጓራም የቻለውን ይፈጨዋል። መጠኑ የማይታወቅ ክትባት ደግሞ ማንም አይፈቅድም። ስለዚህ እስካሁን ቅጠሉ ይፈጫል፣ ይጣራል፣ ይለካል፣ በመርፌ ይሰጣል።