የእንቅልፍ ዕዳ ምንድን ነው?

ልጁን ሊያስተኛ አጠገቡ ጋደም ብሎ ተረት የሚያነብለት አባት፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይዘገያል፣ ቃላቱም እየተጎተቱ ይወጣሉ። ጥንቸሏ ወደ ጉድጓዷ ልትገባ ስትል ደግሞ በተረቱ ውስጥ ፈጽሞ የሌለ፣ ስለ ነገው ስብሰባ የሚመስል ግማሽ ዓረፍተ ነገር ከአፉ ያመልጣል። ልጁ «አባዬ፣ እንደዚህ አይልም እኮ» ብሎ ክንዱን ሲነቀንቀው ብንን ይልና ካቆመበት ይቀጥላል፤ አልተኛሁም ብሎም ከልቡ ያምናል። እውነቱ ግን ለጥቂት ሰከንዶች ተኝቶ ነበር። አንጎሉ የባለቤቱን ፈቃድ ሳይጠይቅ ከተጠራቀመበት ዕዳ ላይ ጥቂት ቆንጥሮ ከፍሏል።

የእንቅልፍ ዕዳ የሚባለው አንድ ሰው በሚያስፈልገው እንቅልፍና በእርግጥ በሚያገኘው እንቅልፍ መካከል ያለው፣ ከሌሊት ወደ ሌሊት እየተደመረ የሚሄድ ጉድለት ነው። 8 ሰዓት መተኛት የሚያስፈልገው ሰው አምስት ሌሊት በተከታታይ ስድስት ስድስት ሰዓት ብቻ ቢተኛ፣ ጉድለቱ 10 ሰዓት ይደርሳል፤ ይህም ከአንድ ሙሉ ሌሊት እንቅልፍ ይበልጣል። አንድ ሌሊት ዓይኑን ሳይከድን ያደረ ሰው መድከሙን ራሱም ቤተሰቡም ስለሚያውቁ ያዝኑለታል፣ ሥራም ያቀሉለታል። በየቀኑ ሁለት ሁለት ሰዓት የተሸረፈበትን ሰው ግን ማንም አይቆጥርለትም፤ ራሱም አይቆጥርም። ለወላጆች ይህን ቃል ማወቅ የሚጠቅመው ያልተቆጠረውን ለመቁጠር ስለሚያስችል ነው።

ለመቁጠር በመጀመሪያ የሚያስፈልገውን ልክ ማወቅ ይገባል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር መሠረት ከ4 እስከ 12 ወር የሆነው ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ፣ የቀኑን ሽልብታ ጨምሮ፣ ከ12 እስከ 16 ሰዓት፣ ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለው ከ11 እስከ 14፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለው ከ10 እስከ 13፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለው ከ9 እስከ 12፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለው ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ለአዋቂ ሰው የተቀመጠው 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው። እዚህ ላይ መታወስ ያለበት፣ አልጋ ላይ የቆዩበት ጊዜና የተኙበት ጊዜ አንድ አለመሆናቸው ነው፤ ሌሊት ሦስት ጊዜ ለሕፃን የተነሣች እናት ስምንት ሰዓት አልጋዋ ላይ ብትቆይም ከእንቅልፏ ያገኘችው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ሰው ነቅቶ በቆየ መጠን የአንጎል ሕዋሳት ጉልበት ሲጠቀሙ የሚፈጠረው አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ በተጠራቀመ ቁጥር እንቅልፍ ይጫጫናል፤ ሲተኙ ይቀንሳል። ከዚህ ጎን ለጎን ብርሃንና ጨለማን እየተከተለ የንቃትና የእንቅልፍ ጊዜን የሚያስታውቅ የሰውነት ሰዓት አለ። የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ አሌክሳንደር ቦርቤሊ እ.ኤ.አ. በ1982 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ እንቅልፍን ያስረዳው በእነዚህ ሁለት ነገሮች መስተጋብር፣ ማለትም እየተጠራቀመ በሚሄደው የእንቅልፍ ጫናና በሰውነት ሰዓት ነው። ታሞ ከተኛ ልጇ አጠገብ ቁጭ ብላ ያደረች እናት ረፋድ ላይ ቀለል የሚላት ዕዳዋ ስለተከፈለ ሳይሆን፣ የሰውነቷ ሰዓት የንቃቱን ምልክት ስላበረታ ነው፤ ምልክቱ ከሰዓት በኋላ ሲላላ ድካሙ ካቆመበት ይቀጥላል። በቡናና በሻይ ውስጥ ያለው ካፌይንም የሚሠራው አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ በመያዝ ነው። ጫናው እንዳለ ነው፤ የታፈነው መልእክቱ ብቻ ነው። ከተጠጣው ካፌይን ግማሽ ያህሉ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የተጠጣ አንድ ስኒ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ እንኳ ገና ሥራውን አልጨረሰም፤ የዛሬን ዕዳ እየሸፈነ የነገውን ይጨምራል።

ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው ግን ዕዳው ራሱን ከባለ ዕዳው የሚሰውር መሆኑ ነው። በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሃንስ ቫን ዶንገን፣ ዴቪድ ዲንገስና ባልደረቦቻቸው አካሂደውት እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመው፣ 48 ጤናማ ጎልማሶች በተሳተፉበት ጥናት፣ ሰዎቹ በተለያየ ቡድን ተከፍለው ለ14 ሌሊት በየቀኑ 8፣ 6 ወይም 4 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ፣ አንዱ ቡድን ደግሞ ለሦስት ቀን ጨርሶ እንዳይተኛ ተደርጎ ነበር። 6 ሰዓትና ከዚያ በታች የተኙት ሰዎች በትኩረትና በማስታወስ ፈተናዎች ያገኙት ውጤት ከቀን ወደ ቀን እየወረደ ሄዶ፣ በመጨረሻ እስከ ሁለት ሌሊት ጨርሶ ካልተኛ ሰው ውጤት ጋር ተስተካከለ። ሰዎቹ ምን ያህል እንቅልፍ እንደተጫናቸው ሲጠየቁ ግን ስሜቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከፍ አለና ከዚያ በኋላ እምብዛም አልጨመረም። ችሎታቸው እየወረደ፣ እነርሱ ግን ደህና ነን እያሉ ነበር። ስለዚህ ብዙ ወላጆች ከልባቸው የሚናገሩት «ሰውነቴ ለምዶታል» የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው ስለ ስሜቱ ብቻ ነው። የለመደው ድካሙን የሚነግረን ክፍል እንጂ ድካሙን የሚሸከመው አይደለም። በዚህ ምክንያት የራስን ስሜት መጠየቅ በቂ ስላልሆነ፣ ለአንድ ሳምንት የተኙበትንና የነቁበትን ሰዓት በወረቀት ላይ ጽፎ መደመር ከማንኛውም ግምት የተሻለ መረጃ ይሰጣል።

ዕዳው በቤት ውስጥ በመጀመሪያ የሚታየው በትዕግሥት ላይ ነው። ውኃ ስለፈሰሰ የሚጮኽ ወላጅ፣ ከውኃው ይልቅ ስላልተኛበት ሳምንት እየጮኸ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ በሽታን የመከላከል አቅም ይነካል፦ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሼልደን ኮኸንና ባልደረቦቹ የ153 ጤነኛ ፈቃደኞችን እንቅልፍ ለሁለት ሳምንት ከመዘገቡ በኋላ የጉንፋን ቫይረስ በአፍንጫቸው ጨምረው ሲከታተሉ፣ ከ7 ሰዓት በታች ይተኙ የነበሩት 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሚተኙት ይልቅ ጉንፋን የመያዝ ዕድላቸው ወደ ሦስት እጥፍ የቀረበ ሆኖ አግኝተውታል፤ ይህም የታተመው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን መሪ ላይ የሚሆነው ነው። በመግቢያው ላይ ያየነው የሰከንዶች እንቅልፍ ተረት ሲነበብ ጉዳት የለውም፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና ውስጥ ግን የሦስት ሰከንድ ሽልብታ መኪናው ከ80 ሜትር በላይ ያለ አሽከርካሪ ሄደ ማለት ነው። መስኮት መክፈትና ሬዲዮ ከፍ ማድረግ ይህን አያስቀሩትም፤ መኪናውን አቁሞ መተኛት ወይም መሪውን ለሌላ መስጠት ነው የሚያዋጣው።

የልጅ ዕዳ ከአዋቂ ዕዳ የተለየ መልክ አለው፤ ብዙ ጊዜ የማይታወቀውም ለዚህ ነው። እንቅልፍ የጎደለው አዋቂ ይፈዝዛል፤ እንቅልፍ የጎደለው ትንሽ ልጅ ግን ይቀብጣል። ከመኝታ ሰዓቱ ያለፈ የአራት ዓመት ልጅ ከሶፋ ወደ ሶፋ ይዘላል፣ ያለ ምክንያት ይስቃል፣ ካልሲው ስለጠበበው ደግሞ ያለቅሳል፤ ወላጅም ይህን አይቶ «ገና ጉልበት አለው፣ ትንሽ ይጫወት» ይላል። ልጁ ግን የሚሮጠው ከድካሙ የተነሣ ነው። በትምህርት ቤት ትኩረት የማይሰበስብና የሚቁነጠነጥ ልጅ ሲያጋጥም፣ ሌላ ስም ከመስጠት በፊት ስንት ሰዓት እንደሚተኛ መጠየቅ ተገቢ ነው። በጉርምስና ዕድሜ ደግሞ የሰውነት ሰዓት በተፈጥሮው ስለሚዘገይ፣ የ15 ዓመት ልጅ ማታ በጊዜ እንቅልፍ አልመጣልኝም ሲል በአብዛኛው እውነቱን ነው፤ ጠዋት የሚያቅተውም ስንፍና ስላለበት አይደለም። ከመኝታ በፊት ደማቅ ብርሃንንና ስክሪንን መቀነስ፣ ጠዋትም በቶሎ ወደ ብርሃን መውጣት ይረዳዋል።

ታዲያ ዕዳው እንዴት ይከፈላል? በዚህ ላይ ዕዳ የሚለው ምሳሌ ሙሉ በሙሉ አይሠራም፤ እንቅልፍ ሰዓት በሰዓት አይመለስምና። ራንዲ ጋርድነር የተባለው አሜሪካዊ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1964 መጀመሪያ ለ11 ቀናት ያህል ሳይተኛ ከቆየ በኋላ፣ በመጀመሪያው ሌሊት የተኛው 14 ሰዓት ገደማ ብቻ ነበር። አንጎል የጠፋውን ሰዓት ሁሉ አያስመልስም፤ ከእንቅልፉ ውስጥ ይበልጥ የሚያስፈልገውን፣ በተለይም ጥልቁን ክፍል፣ በማስቀደም ይካሳል። ይህ ግን በዝግታ የተጠራቀመ ጉድለት በቀላሉ ይድናል ማለት አይደለም። በዋልተር ሪድ የጦር ሠራዊት የምርምር ተቋም የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት፣ ለአንድ ሳምንት እንቅልፋቸው የተቀነሰባቸው ሰዎች ከዚያ በኋላ ሦስት ሌሊት ስምንት ስምንት ሰዓት አልጋ ላይ ቢያሳልፉም ንቃታቸው ወደ ቀድሞው እንዳልተመለሰ አሳይቷል። የሳምንቱን ጉድለት በዕረፍት ቀን ረፋድ ድረስ በመተኛት ለመወጣት መሞከር ጥቂት ያስተነፍሳል፤ ነገር ግን የሰውነትን ሰዓት ስለሚያዘገየው በሚቀጥለው ማታ እንቅልፍ ዘግይቶ ይመጣና አዲሱ ሳምንት በጉድለት ይጀመራል። ከዚህ ይልቅ የመንቂያን ሰዓት ሳይለውጡ በየማታው 30 ደቂቃ ቀድሞ መተኛት በሳምንት ሦስት ሰዓት ተኩል ያስገኛል።

ይህ 30 ደቂቃ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ልጆች ከተኙ በኋላ ያለችው ሰዓት ወላጅ የራሴ የሚላት ብቸኛ ሰዓት ናት፤ እርሷን ስጡ ማለት ቀላል ምክር አይደለም። ሆኖም በእርግጥ ያሳርፍ እንደሆነ ሳይታሰብ በስልክ ላይ የሚያልፈው የሰዓቷ ሁለተኛ አጋማሽ ብቻ ቢሰጥ፣ ልውውጡ የሚያዋጣ ይመስለኛል።

አራስ ሕፃን ባለበት ቤት ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው፤ እዚያ ዕዳው የቤተሰቡ እንጂ የአንድ ሰው አይደለም፣ መከፋፈልም አለበት። ጥልቅ እንቅልፍ በአብዛኛው የሚገኘው ከተኙ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ስለሆነ፣ ሁለቱም ወላጆች ሌሊቱን ሙሉ አብረው እየነቁ ከሚሰባበሩ፣ አንዱ የሌሊቱን የመጀመሪያ አጋማሽ ሌላው ሁለተኛውን ቢይዙ እያንዳንዳቸው ያልተቆራረጠ አራት ወይም አምስት ሰዓት ያገኛሉ። እናት ጡት የምታጠባ ከሆነ ከማጥባቱ በቀር ያለውን፣ ማለትም ሕፃኑን ማምጣትን፣ ማስገሳትን፣ ዳይፐር መቀየርንና መልሶ ማስተኛትን፣ አባት ሊወስደው ይችላል። ብቻዋን የምታሳድግ እናት ዘመድ ወይም ጓደኛ ሁለት ሰዓት ሊያግዛት ቢመጣ፣ ያን ጊዜ ዕቃ ለማጠብ ሳይሆን ለመተኛት ልታውለው ይገባል፤ ዕቃው ይጠብቃል። የቀን ሽልብታም ይረዳል፣ ከ20 ደቂቃ ያህል ካላለፈና ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ከሆነ፤ ከዚያ የረዘመ እንደሆነ ከጥልቅ እንቅልፍ መሐል ስለሚነቁ ለተወሰነ ጊዜ ያደነዝዛል፣ የዘገየ እንደሆነ ደግሞ የማታውን እንቅልፍ ይሻማል። በዚህ ወቅት አንድ ነገር በጥብቅ መጠበቅ አለበት፦ በጣም የደከመ ወላጅ ሕፃን ታቅፎ ሶፋ ወይም ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ እንዳያሸልበው። ሕፃኑ በመደገፊያውና በሰውነት መካከል ሊታፈን ስለሚችል፣ ድካሙ ከተሰማ ሕፃኑን በራሱ ጠንካራና ጠፍጣፋ መኝታ ላይ በጀርባው ማስተኛት ያስፈልጋል።

የእንቅልፍ ዕዳ እንቅልፍ ከማጣት ሕመም ጋር መምታታት የለበትም። ባለ ዕዳ ሰው ዕድል ካገኘ ወዲያው ይተኛል፤ ሕመሙ ያለበት ሰው ግን ጊዜውም ጨለማውም ጸጥታውም ተሟልተውለት ሲገላበጥ ያድራል። ሕፃኑ ተኝቶላት እያለ እንኳ መተኛት የማትችል፣ ጭንቀትና ባዶነት የሚሰማት እናት ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ሊሆንባት ስለሚችል ሐኪም ዘንድ መሄዷ አይዘግይ። በቂ ሰዓት ተኝቶ የማይነቃቃ፣ ጮክ ብሎ የሚያንኮራፋ ወይም በእንቅልፉ መሐል ትንፋሹ ቁርጥ እያለ የሚመለስለት አዋቂም ሆነ ልጅም መመርመር አለበት፤ የዚህ ሰው ጉድለት በሰዓት ብዛት አይሞላም።

ዕዳው እየተቃለለ መሆኑ የሚታወቀው በትናንሽ ምልክቶች ነው። በሥራ ቀንና በዕረፍት ቀን የሚነቁበት ሰዓት ይቀራረባል፤ ማንቂያ ደወሉ ከመጮኹ ጥቂት ቀደም ብሎ ዓይን በራሱ ይከፈታል፤ ከምሳ በኋላ የሚመጣው መጫጫን ይቀላል፤ ማታ ትራስ ሲነኩ ወዲያው ጭልጥ ማለት ቀርቶ እንቅልፍ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ቀስ ብሎ ይመጣል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ወላጆችን ያሳስባቸዋል፣ እንቅልፌ ተበላሸ ያሰኛቸዋል፤ ጤናማ ሰው የሚተኛው ግን እንደዚያ ነው።