ኮንከሽንና ክስ፦ «አደጋውን አውቆ መግባት» ምንድን ነው?

አሜሪካ ኮሌጅ ገብታ ኳስ የምትጫወት ልጅ አለቻችሁ እንበል። የማዕዘን ምት ተመታ፣ ሁለት ተጫዋቾች በቴስታ ለመግጨት አብረው ዘለሉ፣ ግንባር ለግንባር ተላተሙ። ልጅቷ ተነሳች። ትንሽ ተንገዳገደች፣ «ስንት ለስንት ነን?» ብላ ሁለቴ ጠየቀች። አሰልጣኙ «ደህና ነሽ አይደል?» አላት። «ደህና ነኝ» አለች። ጨዋታው ቀጠለ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን መብራት ማየት ያማታል፣ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አቅቷታል፣ ራስ ምታቱም አልለቅ ብሏታል። ኮንከሽን የሚባለው ይህ ነው፤ በምት የሚመጣ የአንጎል መናወጥ።

መክሰስ ትችላለች? ማንን? የተላተመቻትን ልጅ ከሆነ እርሱት። «አደጋውን አውቆ መግባት» የሚባለው የሕግ ሐሳብ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ስፖርቱ ራሱ ይዞት የሚመጣውን አደጋ እያወቅሽ፣ ወደሽና ፈቅደሽ ከገባሽበት፣ ለእሱ ካሳ አትጠይቂም ነው ነገሩ። ቦክስ ሪንግ ገብቶ «ቡጢ ቀመስኩ» ብሎ ክስ የለም።

ግን ልጅቷ አውቃ የገባችው ግጭቱን ነው። አንጎሏ ተናውጦ እያለ ሜዳ ላይ መቆየቱን ማንም አላስፈረማትም። ያ የጨዋታው ባሕርይ ሳይሆን ቸልተኝነት ነው። የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ኤንሲኤኤ ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አባል ኮሌጆቹ የኮንከሽን ዕቅድ እንዲኖራቸው፣ ምልክት የታየበት ተጫዋች እንዲወጣና ኮንከሽን ከሆነም በዚያው ቀን እንዳይመለስ ይጠይቃል። ስለዚህ ጥሩ ጠበቃ ከምቱ ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ መንገዳገዷን ማን አየ? ማን ዝም አለ?

በ2011 ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የፍሮስትበርግ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ልምምድ ላይ ወድቆ ሕይወቱ አለፈ። ቤተሰቡ በክሱ እንዳለው ልጁ በተከታታይ ልምምዶች ግንባሩ እየደማ፣ ራሱን እንዳመመው እየተናገረ ነው እንዲቀጥል የተደረገው። በ2016 ጉዳዩ በ1.2 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ።

በሌላ በኩል በ2022 ሎስ አንጀለስ ላይ የአንድ የቀድሞ ተጫዋች ባለቤት ባሏ ለሞት የበቃው በኮሌጅ ዘመኑ በደረሱበት ምቶች ነው ብላ ኤንሲኤኤን ከሳ ነበር፤ ጁሪው (ከሕዝብ ተመርጠው የሚፈርዱት ሰዎች) ለኤንሲኤኤ ፈረደ። ከብዙ ዓመት በኋላ «ያ ምት ነው ለዚህ ያበቃው» ብሎ ማሳየት ከባድ ነው።

«የኤንሲኤኤ የ75 ሚሊዮን ዶላር የኮንከሽን ፈንድ አለ አይደል?» የሚል ሰው አይጠፋም። አለ፣ ፍርድ ቤት በ2019 ያጸደቀው። ነገር ግን 70 ሚሊዮኑ ለምርመራና ለክትትል፣ 5 ሚሊዮኑ ለጥናት ነው፤ ለተጎጂ በካሳ መልክ የሚታደል ብር የለውም። ደግሞ እስከ ሐምሌ 2016 ለተጫወቱ ብቻ ነው፣ የእናንተን ልጅ አያካትትም። እሷን የሚመለከተው ኤንሲኤኤ በ2024 የጀመረው ኢንሹራንስ ነው፤ ስፖርት ላይ ለደረሰ ጉዳት፣ ኮሌጁን ከለቀቀች በኋላ እስከ 2 ዓመት ሕክምናዋን ይሸፍናል። ለዚህ ክስ አያስፈልግም።

ሐበሻ በብዛት የሚኖርባቸው ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። በሁለቱም ስቴት ተጎጂው ትንሽም ቢሆን ጥፋት ከተገኘበት በቸልተኝነት ክስ ካሳ አያገኝም። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ወጣት የኳስ አሰልጣኝ የጎሉን አግዳሚ ይዞ ሲንጠለጠል ብረቱ ፊቱ ላይ ወደቀበት። ጁሪው የሚያሰለጥንበት የኳስ ማኅበርም አጥፍቷል፣ ልጁም አጥፍቷል አለ፤ በ2013 የስቴቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህንኑ ሕግ አጽንቶ ወጣቱ ያለ ካሳ ቀረ። (ጨካኝ ሕግ ነው፣ እኔን ብትጠይቁኝ።)

ይርጋውም (ክስ ለመመሥረት ያለው ጊዜ) አጭር ነው። ቨርጂኒያ 2 ዓመት፣ ሜሪላንድ 3 ዓመት። ተከሳሹ የሜሪላንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ግን በ1 ዓመት ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ ግድ ነው። ከስፖርቱ በፊት የተፈረመችው «አልከስም» የምትል ወረቀትስ? ሜሪላንድ ባብዛኛው ያጸናታል፣ ቨርጂኒያ ግን ለአካል ጉዳት አይቀበላትም።

አሁን ወደዚያች «ደህና ነኝ» እንመለስ። የኮሌጁ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሳት እሷን ነው፤ «ሕመሟን ደብቃለች፣ ጥፋቱ የራሷም ነው» ለማለት። የልጅቷ ጠበቃ ደግሞ እንዲህ ይመልሳል፦ ውጤቱን ሁለቴ የጠየቀችን ልጅ ደህንነቷን ራሷን ጠይቆ ማመን የማን ጥፋት ነው? በዚያ ማታ ለቡድኑ የሕክምና ባለሙያ «አሁንም እያዞረኝ ነው» ብላ የላከችው ቴክስት ካለ፣ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ስልኳ ላይ ይቀመጥ።